በጋሪ የሄደው ኮምፒውተር

ቆይ ረድኤት፣ መጀመሪያ ሳቄ ይልቀቀኝ። መልእክትሽን ሳነብ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስንከተከት ሚስማር ሊገዛ የገባው ሰውዬ የሆነ ነገር የደረሰብኝ መስሎት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «አክስቴ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ቱቦና ጎማ ስትሸጪ ኖረሻል፤ ኮምፒውተሬን በውሃ ላቀዘቅዘው ነውና ደረቁን ቱቦ ላድርግለት ወይስ ለስላሳውን?» ትዪኛለሽ። ባንቺ አይደለም የሳቅሁት። ካንቺ በፊት በዚሁ ጥያቄ የተያዘ ሰው ነበረና እሱ ትዝ ብሎኝ ነው። ሚስቱ ደንበኛዬ ናት፣ ታሪኩን ያጫወተችኝ እሷ ናት። ልንገርሽና መልስሽን ከዚያ ውስጥ ታወጪዋለሽ፤ ካልወጣልሽ እኔ አወጣልሻለሁ። ብቻ መሃል ላይ «ገባኝ» ብለሽ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ፣ ጥሩው ያለው ወደ ኋላ ነው።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የሠርግ ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ነው። የሚኖርባት ከተማ ቆላ ናት፤ ጥላ ሥር ተቀምጠሽ እንኳ ላብሽ ባገጭሽ ይንጠባጠባል። ሰው እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተር ምን ይሁን። የሱ ኮምፒውተር ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸ ይሠራ ይሠራና፣ ልክ ሙሽሪት ቀለበት ልታጠልቅ ጣቷን ስትዘረጋ ድርግም ይላል። ሰውዬው በእርጥብ ፎጣ ሞከረ፣ በረዶ በሳህን አጠገቡ አስቀምጦ ሞከረ። በመጨረሻ እንዳንቺው በውሃ ላቀዝቅዘው አለ።

ነገሩ ከመኪና ብዙ አይለይም። ውሃው በትንሽ ፓምፕ እየተገፋ በሚግለው የማሽኑ ልብ ላይ ያልፋል፣ ሙቀቱን ይሸከምና ራዲያተሩ ጋ ሄዶ በንፋስ ይበርዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። መንገዱ ቱቦ ነው። ቱቦው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ደረቁ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ማጠፍ ስትፈልጊ በእሳት አሙቀሽ ታጥፊዋለሽ፣ አንዴ ከቀዘቀዘ ግን እንዳጠፍሽው ይኖራል። ለስላሳው ጎማ ነው፣ እጅሽ ወደመራው ይሄዳል፣ ግን ሲከርም ይደፈርሳል፣ እንደ ደረቁም ዓይን አይሞላም።

ሚስቱ ለስላሳውን አድርግ አለችው። ዕቃ መነሳቱ አይቀርም፣ ወለል እንኳ ለመጥረግ ይነሳል ብትለው ሳቀባት። ይህ ኮምፒውተር እዚህ የሱቄ መስታወት ፊት ይቀመጣል፣ እኔ ስሞት ካልሆነ አይነሳም አለ። ደረቁን መረጠ።

ክረምቱን በሙሉ ያን ቱቦ ሲያጥፍ ከረመ። ማሞቂያ መሣሪያ አልነበረውምና በከሰል ምድጃ ጀመረ። የመጀመሪያው ቱቦ ጠቁሮ ወጣ። ሁለተኛው ቀለጠና ፍሙ ላይ ተንጠባጠበ፣ ቤቱ የተቃጠለ ጀሪካን ሸተተ፣ ጎረቤት እሳት ተነሳ ብሎ ባልዲ ይዞ መጣ። ሦስተኛው በደህና ታጠፈና ሰውዬው ከደስታው ብዛት ገና ሳይቀዘቅዝ ለሚስቱ ለማሳየት ሲሮጥ እንደ በግ ቀንድ ተጣመመ። ሚስቱ እዚህ ጋ ስትደርስ መናገር አቅቷት ሱቄ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ነው የሳቀችው።

ግን ተስፋ አልቆረጠም፣ እውነቱን እንናገርለት። እንዳይጨማደድ ውስጡ የጎማ ገመድ ከትቶ ማጠፍ ለመደ። ጫፉን በመጋዝ ቆርጦ በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ለመደ፤ ሸካራ ከሆነ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለችውን ቀለበት ይቆርጣትና ውሃ ያፈሳል። ልኩ በጥፍር ያህል ካነሰ አይደርስም፣ በጥፍር ያህል ከበዛ ገፍቶ ይሰነጥቃል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አለፈና አንድ ቀን ሰማያዊ ውሃ ሞላበት፣ መብራት አበራበት።

ምን ልበልሽ፣ አማረ። ውሃው ጥርት ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይወርዳል፣ መብራቱ ያልፍበታል። የባጃጅ ሹፌሮች ተሳፋሪ ጭነው ቆመው ያያሉ። ሙሽሮች ከኬኩ ቀጥሎ እዚያ ፊት ካልተነሳን አሉ። አንዲት ሴትዮ ገብታ የማሽኑን መስታወት አንኳኩታ፣ ዓሣዎቹ የት አሉ ብላ ጠየቀችው። እሱ በዚህ አልተቀየመም። በየማለዳው በለስላሳ ጨርቅ ይወለውለዋል፣ አንድ ሰው ክርኑን ጠጋ ካደረገ ነፍሱ ትወጣለች። ሚስቱ ሱቁን ስትጠርግ እሱ ማሽኑ ሥር ያለውን በእጁ ይለቅማል፣ መጥረጊያ እንዳይነካው።

እንዲህ እያለ አንድ ሠርግ መጣ።

ሙሽሪት ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ የአንድ ሽማግሌ ልጅ ናት። ሽማግሌው በሠርጉ ዋዜማ ከጋሪ ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰንጋው ታርዷል፣ የሩቁም ዘመድ ገብቷል። እሳቸው ሠርጉ ይቁም እንዳይባል አዘዙ። ልጃቸውን ገና የሙሽራ ልብሷን ሳትለብስ አልጋ ላይ ሆነው መርቀው ላኩ። ዘፈኑን በግድግዳ በኩል ሰሙት እንጂ አንድም ነገር አላዩም።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ልማድ አለ። የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ እንደፈለገ ቆራርጦ አይሰጥም። የቤቱ አባወራ ማሽኑ አጠገብ ይቀመጥና የተቀረጸውን ሁሉ ከጥግ እስከ ጥግ ያያል፤ ይህ ይቅር፣ ይህ ይግባ፣ የእገሌ ዘመዶች በደንብ አልታዩም ይላል። እንዲህ ካልተደረገ ቪዲዮው በወጣ ማግስት የተቆረጠው ሁሉ ያኮርፋል። ምርጫ ይሉታል። ምርጫው የአባት ነው።

በሠርጉ ማግስት ገና ሲነጋ ሽማግሌው ምርጫዬን አምጡልኝ ብለው ወደ ሰውዬው ላኩ። የቸኮሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በነጋታው ጠዋት መኪና መጥቶ ወደ ትልቁ ከተማ ሊወስዳቸው፣ አጥንታቸው በቀዶ ጥገና ሊሠራ ነው። ባለ ዕድሜ ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ለልጆቻቸው በሹክሹክታ የነገራቸውን እሳቸው ሳይነገራቸው ያውቁታል። ልጄ ሙሽራ ሆና ሳላያት ቢላዋ ሥር አልገባም አሉ።

ሰውዬው ማሽኑ አይነሳም አለ። ሽማግሌውን በቃሬዛ ወደ ሱቁ እናምጣቸው ተባለ፤ ሐኪሙ እስከ ነገ እንዳይነቃነቁ ብሎ ከለከለ። እኔ ቆርጬ ጨርሼ በፍላሽ ልላክላቸው አለ ሰውዬው፤ እሳቸው ሌላ ሰው የመረጠልኝን አላይም፣ ሁሉንም ነው የማየው አሉ። እንግዲያስ በላፕቶፕ ልሞክር ብሎ ያልተቆረጠውን ጭኖ በዚያው ጠዋት ሄደ። ያ ቪዲዮ ግን ከባድ ነው፣ ላፕቶፑ ደግሞ ደካማ። ሙሽሪት ከቤት ወጣች፣ መኪናው ጋ ደረሰች፣ ልትገባ አንድ እግሯን አነሳች፣ ምስሉ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ጠበቁ። ሰውዬው አንድ ቁልፍ ነካ፣ ሌላ ነካ። ልጅቷ እግሯን እንዳነሳች ናት። ሽማግሌው ቢጠብቁ ቢጠብቁ «ኧረ ልጄ ደክሟታል፣ ወይ ትግባ ወይ እግሯን ታውርድ» አሉ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። እሳቸውም ሊስቁ ሲሉ ዳሌያቸው ወጋቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንደ ጨፈኑም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሰውዬው ይህን አይቶ ነው ላፕቶፑን አጥፎ የወጣው።

ሱቁ ደርሶ ሚስቱን ጠራትና ማሽኑን በወዲህና በወዲያ ይዘው ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ከፍ አደረጉት። ከፍ ያደረጉት ጣት ቢያስገቡ የሚያሳልፍ ያህል ነው። ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። አንዷ መገጣጠሚያ ሥር ሰማያዊ ጠብታ ወጣችና ተንጠለጠለች። መልሰው አስቀመጡት። የሽማግሌው ቤት መንገድ ደግሞ ኮረትና ጉድጓድ ነው።

ሰውዬው ወንበር ስቦ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ሚስቱ ያን ጊዜ «ብዬህ ነበር» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ እንደነበር አልደበቀችኝም። ግን ፊቱን ስታየው ተወችው። ክረምቱን ሙሉ ጣቱን ያቃጠለበት ሥራ ነው። ከተማው ሁሉ ያወቀው በዚያ ነው። እንደ ልጅ ነው የሚያየው፤ እዘኚለት፣ እኔ አዝኜለታለሁ።

ከዚያ ተነሳ። መብራቱን አጠፋ፣ ሶኬቱን ነቀለ፣ ሰማያዊውን ውሃ በባልዲ አፈሰሰ። መጋዙን አነሳና ቀጥ ብሎ ከሚቆመው ረጅሙ ቱቦ ጀመረ። መገጣጠሚያው አልላቀቅ ስላለው መሃል መሃሉን ነው የቆረጠው። እያንዳንዱ ሲወድቅ ድምፅ አለው። አንድ ባጃጅ መንገድ ላይ ቆሞ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ያይ ነበር፣ ሲቆርጠው ሲያይ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

የለስላሳው መገጣጠሚያ ከመጀመሪያውም ከዕቃው ጋር መጥቶ ካርቶን ውስጥ ነበር፤ ያጣው ጎማውን ነው። እኔ ሱቅ ለመምጣት ጊዜ የለውም፣ እኔ ያለሁት በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ርቄ ነው። ግን አጠገቡ ፎቅ እያሠሩ ነበርና ግንበኞቹ ጋ ሮጠ። ግንበኛ ሁለት ግድግዳ እኩል መቆሙን የሚያይበት፣ ውሃ ሞልቶ ወዲያና ወዲህ የሚዘረጋው ረጅም ግልጽ ጎማ አለው፣ ውሃ ልክ የሚሉት። እኔ በር ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ታዪው የለ፣ እሱን። ከዚህ ላይ ቁረጥልኝ ብሎ ለመነ። ግንበኛው ሰውዬውንም ጎማውንም አየና «ግድግዳዬ ቢጣመም ባለቤቱ የሚመጣው አንተ ጋ ነው» ብሎ ቆረጠለት።

ጎማው ኖራ ጠጥቶ ነጣ ብሏል። በፈላ ውሃ ደጋግመው አጠቡት፤ እንደ ድሮው አልጠራም። ሰውዬው ለክቶ ሳይሆን ገምቶ ቆረጠው፣ ትንሽ ረዘም አድርጎ፤ ጎማ ረዘም ቢል ሽቅብ ይጎብጣል እንጂ አይጣላሽም። በብረት ቀለበት አጠበቀው። የተጣራ ውሃ ሞላና ፓምፑን ብቻ ለብቻው አስነስቶ፣ ሥሩ ጋዜጣ አንጥፎ፣ እሱና ሚስቱ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጠብታ ጠበቁ። ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ቀረ።

ባጃጅ አልበቃ ስላለ የሽማግሌው ልጅ ጋሪውን ይዞ መጣ። ያው ሽማግሌው የወደቁበት ጋሪ ነው፣ ሌላ ከየት ይመጣል። ጭድ ሞሉበት፣ ፍራሽ አነጠፉበት፣ ማሽኑን አስተኙት፣ ሰውዬው ከላይ ታቅፎት ተቀመጠ። የሰፈሩ ሰው ሬሳ ይሁን በሽተኛ ሳይገባው መንገድ ለቀቀ። አንድ ጉድጓድ ላይ ፈረሱ ሲዘል ጋሪው ነጠረ፤ ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ጎማው ወዲያ ተወዛውዞ፣ ወዲህ ተወዛውዞ ቦታው ተቀመጠ። ሰውዬው እዚያው ጭዱ ላይ ብቻውን መሳቅ ጀመረ።

ሽማግሌው ቤት ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ማሽኑን አልጋው አጠገብ አስቀመጡት። በመስታወቱ ፊት የነበረው ጌጥ ዛሬ በደፈረሰ ጎማ ተጠላልፎ ሲያዩት አንዲት ሴትዮ፣ እሱም ታሞ ነው እንዴ ግሉኮስ የተሰካለት አለች። ሽማግሌው ሰሙና «እንግዲያ ወደኔ አስጠጉት፣ አብረን እንታመም» አሉ።

ከዚያ ቪዲዮው ሄደ። አልቆመም፣ አልተንተባተበም። ሽማግሌው ልጃቸው ከቤት ስትወጣ አዩ፣ መኪና ውስጥ ስትገባ አዩ፣ ገባች ብለው እፎይ አሉ። ምርጫቸውን ጀመሩ። እህታቸው አፏን ሞልታ ስትጎርስ ሲያዩ፣ ይህ ይቆረጥላት፣ ኋላ ታለቅሳለች አሉ። የሚዜው ጭፈራ ረዘመ ተብሎ እንዲያጥር ተፈረደበት። ሰው በየመሃሉ ይስቃል፣ ፀሐይዋም ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች።

እንዲህ ሲሄድ ትልቁ ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ለሰውዬው በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳልፈው አለው። ቀጥሎ የሚመጣው ከአባቱ ጋር በመስኖ ቦይ ተጣልቶ ለዓመታት ያልተነጋገረው ጎረቤት ነበር። አጥራቸው አንድ ነው፣ ውሃቸው አንድ ነው፣ ሰላምታ ግን የለም። ማንም ሳይጠራው መጥቶ ሠርጉ ላይ ገብቷል። አባታችን ካዩት ልባቸው ይደክማል፣ ቆርጠን እንጣለው ብለው ልጆቹ ተስማምተዋል።

ሰውዬው እጁ ማሽኑ ላይ ቀረ። ምርጫው የአባት ነው። እጁን አነሳ፣ ቪዲዮው ይሄድ ብሎ ተወው።

ጎረቤትየው የድንኳኑ በር ላይ ፀሐይ ላይ ቆሟል። የሚገባውን እንግዳ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል፣ ቦታ ይፈልግለታል፣ የባለቤት ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ቀጥሎ ሙሽሮቹ በመኪና ከሄዱበት ተመልሰው የወላጆችን ጉልበት ሊስሙ መጡ። እናትየው ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው የአባት ወንበር ባዶ ነው። ልጅቷ የእናቷን ጉልበት ሳመችና ባዶው ወንበር ጋ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ ጠፋት። ጎንበስ አለችና የወንበሩን መቀመጫ ሳመች። ያን ጊዜ በምስሉ ጥግ፣ ማንም በማያይበት በድንኳኑ ምሰሶ ሥር፣ ያ ጎረቤት ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

ሽማግሌው አቁም አሉ። ሰውዬው አቆመው። የፓምፑ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ውሃው በዚያ በደፈረሰ ጎማ ውስጥ ሲሄድ። ሽማግሌው ምስሉን ብዙ አዩት። ቀጥሎ ያሉትን ለመጨረሻ አቆይቼልሻለሁ፤ መጀመሪያ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ።

ረድኤት፣ ደረቁን ቱቦ አልነቅፈውም። ያምራል፤ ቦታውን ላገኘ ነገር ጌጥ ነው። አንቺ ግን ተከራይ ነሽ። ባለቤቲቱ ልጄ ከዓረብ አገር ልትመጣ ነው ባለችሽ ቁጥር ዕቃሽን ተሸክመሽ ሰፈር ትቀይሪያለሽ። ለስላሳውን አድርጊ፣ ረዘም አድርገሽ ቁረጪው፣ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ አጥፈሽ እንዳታንቂው፣ ሲደፈርስ ለውጪው። የራስሽን ቤት ስትሠሪ ደረቁን ታደርጊያለሽ፣ ማንም አይከለክልሽም።

ይህ ለኮምፒውተሩ ነው። ላንቺ ደግሞ ይህን ስሚ። ሰውም እንደ ቱቦ ነው። አንዳንዱ ለሚያልፍ ሰው ዓይን ብሎ ራሱን አስተካክሎ፣ ለክቶ፣ አድርቆ ያቆማል፤ አልጋ ላይ ያለ አንድ ሰው ና ሲለው ግን ከቦታው ጣት እንኳ ከፍ ማለት አይችልም፣ ከውስጥ ቀጭ ይላል። የኛ ሰውዬ ቱቦውን ባይቆርጥ ኖሮ ሽማግሌው የሚያዩት ልጆቻቸው ያሳመሩላቸውን ቪዲዮ ነበር፣ ያ ጎረቤት የሌለበትን። የምትሠሪውን ሁሉ መስታወት ፊት ለሚያምርበት ቀን ሳይሆን ለሚፈለግበት ቀን አድርገሽ ሥሪው። ራስሽንም እንደዚያው።

አሁን የቀረውን ልንገርሽ። ትልቁ ልጅ፣ አባባ ይህን እንቆርጠዋለን ብለን ነበር አላቸው፣ እየፈራ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከምስሉ ሳይነቅሉ እንዲህ አሉት፦

«ተዉት፣ እንዳትነኩት። ይልቅ አጥሩን ዝለልና ጥራው፤ ነገ መኪና ላይ ሲያወጡኝ በእግሬ በኩል እሱ ይያዘኝ።»